በቁምጣ ንብ የተከተለው ሰው

ንብ ያለው አንድ ገበሬ ነበረ። እልፍነሽ፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ጸሐፊ «ይርጋ እንዳያልፍብሽ፤ ሁለት ወር ቀርቶሻል» ብሎሽ ትርጉሙን ለጠየቅሽኝ፣ መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ዘንድ ነውና ስሚኝ።

የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነበር። ከቀፎ የኮበለለ ንብ፣ ባለቤቱ ዐይኑን ሳይነቅል እስከተከተለው ድረስ የማንም ግቢ ቢያርፍ የእሱ ነው። መከተሉን ከተወ ግን፣ ያረፈበት ሰው ቀፎ ያበጅለትና የራሱ ያደርገዋል። ገበሬው ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ሆኖም አምና አንዱ ንብ ሲኮበልል እህል እየወቃ ነበርና፣ የእኔ መሆኑን አገር ያውቃል፣ ስጨርስ አመጣዋለሁ አለ። በአራተኛው ቀን ቀፎ ተሸክሞ ሲሄድ፣ ንቡ አንድ ሀብታም ግቢ ገብቶ ማር መሥራት ጀምሯል። ሀብታሙም አልሰረቀም። ቀፎ ሰቅሎ፣ ውሃ አኑሮ፣ የእኔ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ሽማግሌዎች ገበሬውን፣ የአንተ እንደ ነበር እናምናለን፣ ግን መከተሉን ትተሃል፤ እሱስ እስከ መቼ እየሰጋ ይኑር አሉት። ባዶ ቀፎውን ተሸክሞ ተመለሰ።

ዘንድሮ የቀረው አንድ ቀፎ ብቻ ነበር። የልጁ ሠርግ ጠጅ የሚጣለው ከእሱ ማር ነው። አንድ ቀን ከጓሮው ሥር ወንዝ ወርዶ፣ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ፣ በቁምጣ ገላውን ሲታጠብ ንቡ ከጓሮው ወጥቶ በራሱ ላይ እየተመመ አለፈ። ልብሱን አየ፤ ውሃው ይንጠባጠባል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ አንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ በቁምጣው ሮጠ።

ንቤ ነው፣ እዩልኝ እያለ ሮጠ። ሽምብራ የምታርም ሴት፣ «አያ፣ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» አለችው። ከገበያ የሚመለስ ሰው አህያው ደንብሮ ጨው ተደፋበትና ሰደበው። ቄሱ ጥላቸውን አዘንብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። እሱ ግን አልቆመም።

ንቡ ያው ሀብታም ግቢ፣ ዋንዛው ላይ አረፈ። ሀብታሙም፣ «ደግሞ መጣህ? የአምናውን ፍርድ ረሳኸው?» አለው። ሽማግሌዎቹ ተጠርተው ያንኑ የአምናውን ጥያቄ ጠየቁ፤ መንገድ ላይ መከተሉን ትቷል? ምስክር አልጠፋም። ሴትየዋ ሽምብራዬን ረግጦ አለፈ አለች። ባለ አህያው ጨዌን አስደፋኝ አለ። ቄሱ እየሳቁ፣ «ባላየው ይሻለኝ ነበር፤ ግን አይቻለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ስቀው፣ መከተሉን አልተወም፣ ንቡ የእሱ ነው አሉ፤ ሀብታሙም ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋቢውን አውልቆ ለገበሬው አለበሰው፤ መሰላሉንም ራሱ ያዘለት። በሠርጉ ቀንም ብርሌውን ይዞ ድንኳኑን ሲያስቅ የዋለው ሀብታሙ ነው፣ ያንኑ የቁምጣውን ነገር እያወራ።

እልፍነሽ፣ ይርጋ ማለት ይህ ነው። መብትሽን የሚሰርቅ ሌባ አይደለም። ሕግ ቀን ቆርጦ፣ እስከዚያ ድረስ ተከተይ፤ ካልተከተልሽ ግን የያዘው ሰው ይረፍ ይላል። ከአባትሽ ቤት ያለሽን ድርሻ ወንድምሽ ይዞታል። አንቺ ደግሞ ታላቄን ብከስ ሰው ምን ይለኛል፣ ልጅነቴንስ ማን ይክዳል እያልሽ ትቀመጫለሽ። ማንም አይክድሽም። አምና ገበሬውንም ማንም አልካደውም።

እንዳንቺ የጠየቀችኝ አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ታገሺ፣ ዘመድ ነው አልኳት፤ ታገሠች፤ ቀኑ አለፈባት። ዛሬም ስታገኘኝ አገላብጣ ትስመኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ስለዚህ አንቺን ታገሺ አልልሽም። ሁለት ወር አለሽ፤ ንቡ ገና በራስሽ ላይ እየበረረ ነውና ደስ ይበልሽ። ከወንድምሽ ጋር መታረቅ ክሱ ከገባም በኋላ ይቻላል፤ ገበሬውና ሀብታሙም ጠጁን አብረው ጠጥተዋል። የሚስቅብሽ ካለ ይሳቅ፤ መሮጥሽን ያየ ምስክር ነው።

መዝገብ ቤቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ሂጂ፤ ነጠላሽን መንገድ ላይ ታስተካክያለሽ።