ሰክኖ የተለካ ዘይት

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራውን የሚበላው በግምት ነው። ቆይ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ልጅሽ ከባሏ ቤት ተመልሳ መጥታ «ምንም አልሆንኩም» ትልሻለች፤ እሁድ ሽማግሎቹ ሲመጡ ይዘዋት ይሂዱ ወይስ ላስቀራት ብለሽኛል። መልሱ እዚህ ሰውዬ ዘንድ ስላለ ዝም ብለሽ አድምጪኝ።

ጭው ባለ በረሃ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ድፍድፍ ዘይት ከምድር ሆድ እያወጣ በትልቅ የብረት ታንከር ያጠራቅም ነበር። የምግብ ዘይት እንዳይመስልሽ፣ ሽንኩርት አታቁላዪበትም! ጥቁር ነው፤ ውስጡ ደግሞ ጋዝ ታምቋል። ከመሬት በታች ሳለ ተራራ የሚያህል ክብደት ስለሚጫነው ዝም ይላል። ወጥቶ ታንከር ውስጥ ሲገባ ግን የሚጫነው የለምና ያመቀውን ይተነፍሰዋል። የሰውዬው ሥራ ይህን ትንፋሽ መገመት ነበር፤ ምን ያህል ነው፣ ከአየር ይቀላል ወይስ ይከብዳል፣ እሳትስ ከታንከሩ ምን ያህል ይራቅ። ጋዙ አይታይ፣ አይጨበጥ። ስለዚህ ከዘይቱ በጣሳ ይቀዳል፣ ሙቀቱንና ክብደቱን ይለካል፣ ከዚያ ሰንጠረዡን አይቶ ጋዙን ይገምታል።

ጎበዝ ሰው ነበር፤ ጥንቁቅ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ግርግር ግን አይወድም። ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ሲገባ ይንተከተካል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ መለኪያውን አላስቀምጥ ይላል። እሱም «እስኪ ይስከን» ይልና ጣሳውን ጥላ ሥር አድርጎ ቁጭ ይላል። ዘይቱ ጭጭ ሲል ይለካዋል። «ጨዋ ዘይት ነው፤ ጋዙ ትንሽ፣ እሱም ቀላል። ነፋስ ወደ ላይ ይወስደዋል። እሳት አሥር እርምጃ ከራቀ ይበቃል።» ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያለ ፈረመ።

ከታንከሩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ስርጉድ ቦታ ነበር። ነፋስ ስለማይገባው አንዲት ሻይ ሻጭ እዚያ ምድጃዋን አስቀምጣ ለሠራተኞቹ ሻይ ታፈላለች። አንደበቷ አያርፍም። በጣሳው አጠገብ ባለፈች ቁጥር «ጋሼ፣ ዛሬም ዘይትዎን እያስተኙ ነው? እሹሩሩ ልበልልዎት?» ትለዋለች። ፈገግ ይልና ዓይኑን ወደ ጣሳው ይመልሳል።

ነፋስ ጨርሶ በቆመበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ፣ ሴትዮዋ የፍየል ግልገል ታቅፋ መጣች። ሞቷል።

«ስርጉዱ ውስጥ እንደተኛ ቀረ» አለችው።

«እባብ ይሆናል» አለ ቀና ሳይል።

«ገላብጬ አየሁት፣ ንክሻ የለበትም። እናቱ ደግሞ አጠገቡ ቆማ ደህና ናት። እባቡ የተኛ ብቻ ነው የሚነክሰው?»

ሰውዬው የያዘውን ጣሳ አስቀመጠ። የተኛው ሞተ፣ የቆመችው ዳነች። እሱ ቀላል ነው ያለው ጋዝ ወደ ላይ መሄድ ነበረበት፤ መሬት ለመሬት ማን አስኬደው?

«ምድጃሽን አቀጣጥለሻል?»

«ገና ነኝ። ከሰሉን ደርድሬ ነው የመጣሁት።»

«እንዳታቀጣጥዪ!»

«ታዲያ ሠራተኛው ምን ይጠጣ? የእርስዎን ግምት?»

አልሳቀም። ፊቱን ስታየው እሷም ሳቋ ጠፋ።

ጣሳው ውስጥ ያለውን ዘይት አየ። ዝም ብሏል፣ እንደ ሁልጊዜው። እስኪሰክን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ ሊለካው የፈለገው ነገር ዓይኑ ሥር እየወጣ ይሄድ ኖሯል። ሰባት ዓመት የለካው የተረፈውን ነው።

ያን ዕለት ጣሳውን ተወ። ክዳኑ ጠበቅ ያለ የብረት ዕቃ አነሣና ዘይቱን ታንከር ሳይገባ፣ ገና ከቧንቧው፣ ሳያስተነፍሰው ቀድቶ ዘጋበት። አፉ ላይ የኳስ ከመነዳሪ፣ ያን የውስጡን ላስቲክ፣ አስሮ ክዳኑን ላላ ሲያደርገው ከመነዳሪው ተነፋ። እኩያውን ሌላ ከመነዳሪ በአየር ነፋ። ከዚያ የሴትዮዋን የስኳር ሚዛን አስመጥቶ ሁለቱን ወዲህና ወዲያ ሰቀላቸው። የጋዙ ወገን ቀስ እያለ ወረደ። ወርዶም ቀረ።

«ምንም የሌለበት ነገር ይከብዳል እንዴ?» አለች።

«ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፤ ይፈስሳል። የሚፈስሰውም ወደ አንቺ ነው፤ እስከ ዛሬ ነፋስ በመንገድ እየበተነው ነው የተረፍሽው።»

የሰባት ዓመቱን ወረቀት ይዞ ባለጸጋው ዘንድ ሄደ። «ሁሉም ስሕተት ነው። ስርጉዱ ውስጥ እሳት እንዳይነድ ይዘዙልኝ» አለው።

«ፊርማው ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው። ከሰከነ በኋላ እየለካሁ ነው የፈረምኩት።»

ባለጸጋው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ አዋረደው፤ እሳቱን ግን ከለከለ። ሰውዬውም ተመልሶ ምድጃውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ሩቅ ካለው ጉብታ ላይ አወጣላት። ከሰሉ እንደተደረደረ ነው፣ ክብሪት አልነካውም።

አየሽ ትርንጎ፣ ሰውዬው አንቺ ነሽ። አታኩርፊ፣ ጎበዝ ሰው ነው ብያለሁ! ዘይቱ ልጅሽ ናት። ባሏ ቤት ሳለች ተጭነዋት ዝም አለች። አንቺ ቤት የሚጫናት የለምና ያመቀችው ይወጣል። መቼ ይወጣል? አንቺው እንዳልሽኝ፣ አመሻሽ ላይ ብቻዋን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ። አንቺስ መቼ ትጠይቂያታለሽ? ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ስትቀመጥ። «ምን ሆነሻል?» «ምንም።» አልዋሸችሽም፤ የጠየቅሽው የተረፈውን ነው። የወጣው ደግሞ የሄደ እንዳይመስልሽ። እቤትሽ ውስጥ መሬት ለመሬት ተኝቷል። ታናሽ እህቷ እህል አልቀምስ አለች ያልሽኝ ለምን ይመስልሻል?

ለሽማግሎቹ እሁድ አይመቸንም በያቸው። ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም፤ ግን ክብሪት ይዘው ነው የሚመጡት፣ አንቺ ደግሞ ስርጉዱ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም።

ዛሬ ጓዳ ስትገባ ተከተያት። በሩን ዝጊ፣ ማንም አይግባ። «በቃ፣ ተይ፣ ዝም በይ» እንዳትያት፤ አልቅሳ እስክትጨርስም አትጠብቂ። ገና እየፈላች ሳለ ያዢያትና ጠይቂያት።