የሐበሾች ሰፈር ምሥጢረኛ

በ2091 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንዲት የባሕር ማዶ ከተማን ጠቅልሎ የገዛ ኩባንያ በዚያ ያለውን የሐበሾች ሰፈር ለጎብኚዎች «የጥንታዊ ምሥጢር መንደር» አደረገው። በየደጁ ምንም ትርጉም በማይሰጡ የግዕዝ ፊደላት ያጌጠ የኒዮን መብራት ተሰቀለ። ነዋሪው ካባ እንዲለብስና በእንቆቅልሽ እንዲናገር ታዘዘ።

አንዲት የሰው ሠራሽ ክንድ ጠጋኝ ግን በሥራ ቱታዋ ቀጠለች። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ሃልቨርሰን አጃቢዎቹን አስከትሎ ሱቋ ድረስ መጣ።

«ካባሽ የት አለ?»

«ስበይድ እሳት ይይዘዋል፣ ጌታዬ።»

«እንግዶቹ የከፈሉት ምሥጢራዊ ሰው ለማየት ነው። ክንዱን ከመጠገንሽ በፊት ድግምት ድገሚበት። እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ሱቁን ትለቂያለሽ።»

ሴትዮዋ የምትሠራውም የምታድረውም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ሌላ መሄጃ የላትም። መበየጃዋን አጠፋችና ቀና ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የሚኖሩት ደመና በሚነካ ፎቅ ላይ ነው፤ ደጅዎን የረገጠ የለም። ሲያልፉ ሰው ሁሉ ያጎነብሳል። የሚያወጡት ደንብ የገባው ሰው እስከዛሬ አላየሁም፤ ሁላችንም ግን እንፈራዋለን። ታዲያ ምሥጢራዊው ሰው እርስዎ እያሉ እንግዶቹ እኔን ምን ያደርጉኛል? ወንበር ላምጣልዎ፣ ደጄ ላይ ይቀመጡ፤ እንግዶቹ እርስዎን ይዩ።»

አጃቢዎቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ሃልቨርሰንም ሳያስበው ፈገግ አለና ሱቁን ተወላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ሲከስር፣ ሃልቨርሰን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ እንደማያውቅ ተሰማ። ግርማው ታይቶ ሥራ አስኪያጅ እንዲመስል የተቀጠረ የቲያትር ተዋናይ ነበር፤ የኩባንያውን ባለቤቶች እሱም አይቷቸው አያውቅም።