ሕፃኑ ሲተኛ ዝም የሚለው ቤት

ተረት ተረት።

«የሌሊት ዕረፍት» በሉኝ። እንዲያ ነው። ቀረብ በሉና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ያ የተኛው ልጅ እንዳይነቃ።

በድሮ ዘመን እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ሆዷ ገፍቶ ሳለ ባሏን ደራሽ ውሃ ወሰደው። በለቅሶው ቀን አማቷ እማማ አንጓች በሰው መሃል፦ «እግረ ደረቅ፣ ልጄን በላሽብኝ» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር፣ ባንድ እሳት እየሞቁ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ኖሩ።

ከዚያም ልጁ ተወለደና ምትኩ ተባለ። እንጉዳይ ለሰው እህል እየፈጨች ነበር የምትኖረው። ልጇን በአንቀልባ አዝላ ወፍጮው ላይ ታጎነብሳለች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ጀርባዋ ለልጁ ዥዋዥዌ ሆነለት። ከቀትር ጀምሮ ጀንበር እስክትጠልቅ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስደዋል። እሷም፦ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ሥራ ያስጨርሰኛል» ትላለች። ሲመሽ ግን ዓይኑ አይከደንም። ዶሮ እስኪጮህ ያለቅሳል።

ጎረቤቶች፦ «የሰው ዓይን በልቶት ነው» አሏት። ክታብ አሰረችለት። ጤና አዳም አሸተተችው። ለቅሶው አልቆመም።

እማማ አንጓች ምክንያቱን ያውቁ ነበር። ሰባት ልጅ አሳድገዋል። ግን ማንን ያናግሩ?

አንድ ቀን እንጉዳይን እየፈጨች እንቅልፍ ጣላት። ግንባሯ ከወፍጮው ድንጋይ ተላተመና ደማ። ልጁ ከአንቀልባው ሾልኮ ሊወድቅ ሲል እማማ ከመደባቸው ተነሥተው ያዙት። ከዚያም ለእሷ ሳይሆን ለልጁ እንዲህ አሉት፦

«አንተ ምትኩ፣ ለእናትህ ንገራት። የሌሊቱን እንቅልፍ በቀን ጨርሰኸው ነው የምታለቅሰው። ረፋድ ላይ ትንሽ ተኛ፤ ቀትር ላይም ትንሽ ተኛ። ፀሐይ በበሩ ገብታ ምሰሶውን ስትነካ ግን ትነሣለህ። እስኪመሽ እኔ ጋ ትጫወታለህ።»

እንጉዳይ ደሟን እየጠረገች ለልጁ መለሰች፦ «ምትኩዬ፣ ለአያትህ ንገራቸው። ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም በላቸው።»

«ጠያቂ አጥቼ ነው በላት።»

ከዚያን ቀን በኋላ ፀሐይ ምሰሶውን ስትነካ እማማ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ያወርዱታል። ፊቱን በውሃ ያብሱታል፤ ባቄላ በቅል ከተው ያንኳኩለታል። መጀመሪያ ተነጫነጨ። ሦስተኛው ቀን ላይ የእማማን ፀጉር ነጨ። በሳምንቱ ለመደና ከራት በኋላ የእናቱን ጡት እንደያዘ ይተኛ ጀመር፤ እስኪነጋ ድምፁ አይሰማም።

ቤቱም ከሰዓት በኋላ ወሬ በወሬ ሆነ።

«ምትኩ፣ የእናትህ ወጥ ጨው በዝቶበታል በላት።»

«ምትኩዬ፣ ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ በላቸው።»

እማማ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ያቺ የለቅሶ ቀን ቃል ግን ገና በመሃላቸው ነበረች። እንጉዳይ አንዲት «ይቅር በይኝ» ነበር የምትጠብቀው። እማማም ሊሏት ያስቡ ነበር። ቀን ላይ ከሳቁ መሃል ማውጣት ይከብዳቸዋል። ሌሊት ሌሊት ምላሳቸው ላይ ትመጣለች። ሌሊት ደግሞ ልጁ ተኝቷል። ልጁ ከተኛ በማን በኩል ይናገሩ?

አንድ ሌሊት እማማን ደረታቸውን አፈናቸው። እንጉዳይ ነቅታ ትሰማለች።

«ምትኩ» አሉ እማማ፣ በቀስታ። «ምትኩ፣ ለእናትህ…»

ልጁ አልነቃም።

እንጉዳይ ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች። ከዚያም «በስንት ለቅሶ የመጣ እንቅልፍ ነው» ብላ እጇን ሰበሰበች። እሷው «አቤት እማማ» ልትልም ፈለገች፤ አፏ አልለመደም። ነገ ፀሐይ ምሰሶውን ስትነካ ይነግሩኛል አለችና ተኛች።

ነጋ። ልጁ እየሳቀ ነቃ። እማማ አልነቁም።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ምሰሶውን ስትነካ ምትኩ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነቃ ነበር። ነቅቶም ፊቱን ወደ ባዶው መደብ ያዞራል። እንጉዳይም ወፍጮዋን ታቆምና፦

«ምትኩዬ፣ ለአያትህ ንገራቸው» ትለዋለች። «ያን ሌሊት ነቅቼ ነበር በላቸው።»

ተረቴን ተቀበሉ፣ ለአፌ ጉርሻ አትከልክሉ። ቀስ ብላችሁ ነው ታዲያ፤ ልጁ ተኝቷል።