ከከሳሹ ጋር የተቋጠረው የበቅሎ ሌባ

«አንድ የበቅሎ ሌባ ነበረ» ብለው ጀመሩ፣ ከዳኝነት በጡረታ የወጡት ጋሽ ይመኑ። አዲሷ ዳኛ ትጓደድ ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ በገደብ የለቀቅሁት ሰው ሌላ የስርቆት ክስ መጣበት። ገደቡን ዛሬውኑ አንሥቼ ወደ እስሩ ልመልሰው ወይስ ልታገሥ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ሌባው ታስሮ ሳለ የአገሩ ዳኛ አዘኑለት። «ሚስትህ እርጉዝ ናት፤ መሬትህም ጦም አድሯል። ሂድና እረስ። ዳግመኛ ከሰረቅህ ግን የቀረህን እስር ትጨርሳለህ» ብለው ለቀቁት።

ሰውየው ከዚያን ቀን ወዲህ በቅሎ ካየ መንገድ ይቀይር ጀመር። ገበያ ሲወጣም ሰው እንዳይጠረጥረው እጆቹን ኩታው ውስጥ ይደብቃል። ሚስቱ፣ «ደግሞ እጅህን ማን ይሰርቅሃል?» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን አይስቅም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ ሲወለድ ቤቱ መገኘት።

አንድ ማለዳ አንድ ባለጠጋ ጎረቤቱ በቅሎውን ከጋጣዋ አጣት። ከወንዝ ማዶ ገዝቶ ካመጣት ገና ብዙም አልቆየችም። ባለጠጋው ዱካ አልፈለገም፤ ማንንም አልጠየቀም። በቀጥታ ዳኛው ዘንድ ገሥግሦ፣ «ያ የለቀቁት ሌባ ሰረቀኝ!» አለ።

ሰውየውን ከእርሻው ላይ አንጠልጥለው አመጡት። የተሰበሰበውም ሕዝብ፣ «ይመለስ ወደ እስሩ! ምን ሙግት ያስፈልገዋል?» እያለ ጮኸ። የሰውየው ሚስት መውለጃዋ ደርሷል። «አልሰረቅሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ያንኑ ቃል ድሮም ሰርቆ ሳለ ብሎት ነበር።

ዳኛው ግን ባለጠጋውን፣ «መክሰስዎ መብትዎ ነው። እኔ ምሕረቱን የማነሣው ግን መስረቁ ሲታወቅ ነው» አሉት። ከዚያም የሁለቱን ኩታ ጫፍ ለጫፍ አስቋጠሩ። ቁራኛ ይባል ነበር በዚያ ዘመን፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነገሩ እስኪለይ ተቆራኝተው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

«እኔ ከሌባ ጋር?» አለ ባለጠጋው።

«ካልፈለጉ ክሱን ይተዉት። አለዚያ ሄዳችሁ በቅሎዋን ፈልጉ።»

ባለጠጋው እየተነጫነጨ መጀመሪያ ወደ ሰውየው ቤት ጎተተው። ጓዳውን በረበረ፤ ጭድ ክምሩን ሳይቀር በበትር ወጋጋው። ምንም የለም። ሚስትየው ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «ጌታዬ፣ በቅሎ እንጀራ መሶብ ውስጥ አትገባም» አለችው። ባለጠጋው አፈረ መሰለኝ፣ መሶቡን ከፍቶ ነበርና ቶሎ ከደነው።

ከዚያ ወደ ገበያ ሊሄዱ ወንዙን ሲሻገሩ አንድ ሽማግሌ በቅሎ እየሳቡ መጡ። በቅሎዋን ለባለጠጋው የሸጡለት እሳቸው ናቸው።

«ወንድሜ፣ እንኳን አገኘሁህ!» አሉት ባለጠጋውን። «ማለዳ ስነሣ በረቴ ደጃፍ ቆማለች። ገና አልለመደችህም እኮ፤ ጠበቅ አድርገህ አላሰርካትም መሰለኝ።»

ሰውየው ከደስታው ብዛት ዱብ አለ፤ የተቋጠረውን ባለጠጋም ይዞት አሸዋው ላይ ዱብ! እዚያው ተቀምጦ እንባው እየወረደ ሳቀ። ተመልሰው ዳኛው ፊት ቋጠሮአቸው ተፈታ። ሚስቱ ስትወልድም ሰውየው ከደጁ አልታጣም።

ጋሽ ይመኑ ይህን ብለው ወደ ትጓደድ ዞሩ።

«ይኸውልሽ ልጄ፤ ወደ ድሮ ደጇ የተመለሰችው በቅሎዋ ናት፤ ሰውየው ወደ ድሮ ሌብነቱ አልተመለሰም። ፊትሽ የቀረበውም ክስ እንደዚያ ባዶ ጋጣ ነው። የጠፋ ነገር መኖሩን ይነግርሻል፤ ማን እንደወሰደው ግን አይነግርሽም። ስለዚህ ከሳሹም ይልፋ፤ ማስረጃውን ፈልጎ ያምጣ። ያንቺው ሰው ሰርቆ ከተገኘ አትራሪለት፣ ገደቡን አንሺው፤ ቃሉን ያፈረሰው እሱ ነው። ሳይረጋገጥ ካነሣሽበት ግን ቃሉን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ።»