አያ ጫኔ የመረጠው ሰፈር

ዝግባ ውሃ በምትባል ከዓባይ ማዶ ባለች ከተማ፣ አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሥቶ "የትኛው ሰፈር ባርፍ ይሻለኛል?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ተጠያቂው አፉን ሳይከፍት አጠገቡ የቆመው ሰው ይስቃል። የሳቁን ምክንያት የማያውቅ እንግዳ ይቀየማል። መቀየም የለበትም። የሚሳቀው በእሱ አይደለም፣ በአንድ አባባል ነው። አባባሉን አሁኑኑ መናገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ምሳሌውን አስቀድሞ የሰማ ሰው ታሪኩን ቁጭ ብሎ አይሰማም።

አያ አንለይ የእህል ነጋዴ ነው፤ ሳያማክር ምንም አያደርግም። ፍየል ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ካማረችው ጎረቤቱን ሊያማክር ይመለሳል፤ አማክሮ ሲሄድ ፍየሏ ተሸጣለች። ሰው ሲስቅበት "ባላማክር ኖሮ ገዝቻት ነበር እኮ" ይላል።

ይህ ሰው የሟች ወንድሙን ልጅ ይታያልን አሳድጎ አስተማሪ እንዲሆን አብቅቶታል። የቀረው መዳር ብቻ ነበር። ወንድሙ ሊሞት ሲል እጁን ይዞ "አደራህን፣ ልጄን ለወግ አብቃልኝ" ብሎታል። ይታያል ደግሞ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች መቅደላዊት የምትባል የባንክ ሠራተኛ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ይሄ ቀላሉ ነበር። ከባዱ አባቷ አቶ ወንድይፍራው ነበሩ። "ልጄን ዓባይን ተሻግሬ አልሰጥም" ብለው ከረሙ። ልጅቱ ስታለቅስ፣ እናቷ ስታኮርፍ፣ በመጨረሻ እንዲህ የሚል መልእክት ላኩ፦ "እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይምጣ። ሰዎቹን ልያቸው። ካልጣሙኝ ግን ሁለተኛ እንዳይመላለሱብኝ።"

አንድ እሑድ ብቻ። አያ አንለይ እንቅልፍ አጣ።

ዋናው ጭንቀት ማደሪያው ሆነ። ዘመድ ቤት ማረፍ አይታሰብም፤ አንዱ ጋ ቢያርፉ ሌላው ዕድሜ ልኩን ይቀየማል። አልጋ መያዝ ነው እንግዲህ፤ ግን የት ሰፈር? አያ አንለይ እንደ ልማዱ ሊያማክር ተነሣ። በዝግባ ውሃ አዲስ አበባን አውቃለሁ የሚል ብዙ ነው፤ ከርሞባት የተመለሰ ግን አያ ጫኔ ነበር። አያ ጫኔ ክረምቱን ሙሉ ኩላሊቱን ሲታከም ከርሞ፣ የወጣለትን ጠጠር በብልቃጥ ይዞ ተመልሷል። ብልቃጡን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያሳያል።

"ስማኝ አንለይ" አለው ብልቃጡን ወደ ብርሃን እያዞረ፤ "አዲስ አበባ ሰፈሯ ብዙ ነው። ሰው የሚያርፍበት ግን አንድ ነው፤ ትልቁ ሐኪም ቤት ያለበት።"

"ምን የተለየ ነገር አለው?"

"ምን አለው ትለኛለህ! መድኃኒት ቤት በየበሩ ነው። አግዳሚ ወንበር በየግድግዳው ሥር ነው፤ ደከመኝ ብሎ መሬት የሚቀመጥ የለም። ሾርባው ደግሞ ጨው የለበትም።"

"ጨው የሌለበት ሾርባ ምን ይጥማል?"

"ትለምደዋለህ። ሰዉን ብታይ! ሌላ ሰፈር ሰው ሰውን ገፍትሮ ነው የሚያልፈው። እዚያ ግን ገና ሲያይህ 'እግዜር ይማርህ' ይልሃል። ሳያውቅህ! እስቲ እዚህ አገር ሳያውቅህ የሚመርቅህ ማን አለ?"

አያ አንለይ አሰበ። ማንም ትዝ አላለውም።

"ሌባስ?"

"የምን ሌባ? እዚያ ሌባም ካለ ተኝቶ ነው ያለው።"

"መርካቶስ ቢሆን? ፒያሳስ?"

"እነሱን አላውቃቸውም። እኔ ደግሞ የማላውቀውን አልመክርም።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል አያ አንለይን ጨርሳ አሳመነችው። የማያውቀውን የማይመክር ሰው ከየት ይገኛል?

ሦስት ሆነው ተነሡ። አያ አንለይ እንደ አባት፣ መሪጌታ እንየው ለንግግሩ፣ አቶ አዱኛ ደግሞ ለቁመቱ። አቶ አዱኛ ሲናገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ ግን ረጅምና ግርማ ያለው ሰው ነው፤ ከሽማግሌ መካከል አንዱ እንኳ ሲያዩት ደስ ይበል ተብሎ ነው የተወሰደ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ አያ ጫኔ ካላቸው ሰፈር ደረሱ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘነቡ በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ ሰላምታ ሳትጨርስ ሦስቱንም ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

"በሽተኛው የትኛው ነው?"

"በሽተኛ የለንም እመቤት" አሉ መሪጌታ።

ወይዘሮ ዘነቡ ይህን መልስ ሰምታው ታውቃለች። መሪጌታን በክንዳቸው ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ገባኝ። አልነገራችሁትማ። ደግ አደረጋችሁ፤ በሽተኛ ቁርጡን ካወቀ ይጎዳል።" ከዚያ አያ አንለይን አየችው። በመንገድ አቧራ ግራጫ ሆኖ፣ በአውቶቡሱ ሲያስመልሰው ስለዋለ ዓይኑ ጎድጉዷል። እሱ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። "አይዞህ ወንድምዓለም" አለችው፤ "ምንም የለብህም።"

አያ አንለይ ድንግጥ አለ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እሱ ራሱ ለወንድሙ ምንም የለብህም ያለው በዚሁ ድምፅ ነበር።

ደረጃ እንዳይወጣ ተብሎ ምድር ቤት ተሰጠው። አጥሚት መጣለት። ትራስ ተጨመረለት። በዚያ ቤት ያረፈው ሰው ሁሉ አስታማሚ ነበርና በበሩ ያለፈ ሁሉ ጎንበስ እያለ "እግዜር ይማርዎት" ይላል። አያ አንለይ መጀመሪያ አያ ጫኔ እውነቱን ነው፣ እንዴት ያለ ደግ ሰፈር ነው እያለ አሜን አለ። በኋላ ግን አሜኑ እየቀጠነ ሄደ።

"መሪጌታ" አለ በማግስቱ ጠዋት፤ "እውነቱን ንገሩኝ።"

"የምኑን?"

"የደበቃችሁኝን። ሴትዮዋ ምን ነበር ወስዳ ያንሾካሾከችልዎ?"

"ኧረ እንዲያው የማይረባ ነገር ነው። ምንም የለብህም።"

"አንቱም እንደሷ አሉኝ!" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ልቡ እንዲፍታታ ብሎ ብቻውን ወጣ። ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር አያ ጫኔ እንዳለውም አግዳሚ ወንበር አገኘ፤ ተቀመጠ። ወንበሩ ግን የወረፋ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት "አባቴ፣ ጠጋ ይበሉ" አለችው፤ ጠጋ አለ። ደግሞ ሌላው "ጠጋ ይበሉ" አለው፤ ጠጋ አለ። ጠጋ በል ተብሎ የማይጠጋ ባለጌ ነውና፣ እየተጠጋ እየተጠጋ የምርመራው በር ደረሰ። እዚያ ሲደርስ የነበሩት ሁለት ሰዎች ደግሞ "አዛውንት ናቸው፣ እሳቸው ይቅደሙ" ብለው ተነሡለት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ክብር ተቀብሎ "ለመቀመጥ ያህል ነው የመጣሁት" እንዴት ይባላል?

"ምንዎን ነው የሚያምዎት?" አለችው ነጭ የለበሰችው ልጅ።

አያ አንለይ በደንብ የሚያውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነበር፤ የአያ ጫኔን። "ጎኔን" አለ። ያን እንዳለ፣ እውነትም ጎኑን ቆንጠጥ አደረገው። ልጅቱ ክንዱ ላይ የደም ሥር ፈልጋ ብታጣ ከእጁ ጀርባ ደም ቀዳች፤ ጥጥ አድርጋ ፕላስተር ለጠፈችበትና "ውጤቱ ሰኞ ነው" ብላ ሸኘችው።

እሑድ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሳሪስ፣ ከአቶ ወንድይፍራው ቤት ደረሱ። አያ አንለይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ ምንም ይምጣ፣ ዛሬ አደራውን ይወጣ። ፕላስተር ያለበትን እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀው።

ቤቱ በልጅቱ ወገኖች ተሞልቷል። በአንድ ወገን አክስቷ ወይዘሮ አጸደ፣ ዓይናቸው ከመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ሴት፣ ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን አያቷ ሻምበል ዘርጋው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ያንቀላፉ ይመስላሉ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ ወንድይፍራው።

"የመጣንበት ሳይሰማና ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ፣ እንደ ደንቡ። ሦስቱም በር ላይ ቆሙ።

"መልካም። መንገዱስ እንዴት ነበር? የትስ አረፋችሁ?"

አቶ አዱኛ፣ ከዝግባ ውሃ ጀምሮ ቃል ያልወጣው ሰው፣ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ በመምጣቱ ደስ አለው። "ሐኪም ቤቱ ደጅ" አለ።

ወይዘሮ አጸደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይኸውላችሁ፤ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በጉዳዩ ነው የሚያርፍ። ነጋዴው መርካቶ ያርፋል። ክስ ያለበት ልደታ ያርፋል። ባሕር የሚሻገረው ቦሌ ያርፋል። ሐኪም ቤት ደጅ የሚያርፈው ምን ያለበት ነው?"

"ምንም የለብንም!" አሉ መሪጌታ።

"ማን ታሞ ነው?"

"ማንም አልታመመም፣ በሚካኤል!" ብሎ አያ አንለይ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የዘረጋው እጅ ያው የተደበቀው ነበር። ነጩ ፕላስተር ከቤቱ ሁሉ ፊት ተሰቀለ።

ሁሉም ወደ እጁ አፈጠጠ።

"ይሄስ?" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

"ደም ሰጥቼ ነው።"

"ለማን?"

"ለምርመራ።"

"ምንዎን ኖሯል?"

በሚካኤል የማለ ሰው ነውና መዋሸት አልቻለም። "ሰኞ ነው የሚታወቀው" አለ።

"እንግዲያው ልጃችንን ለሰኞ አንሰጥም!" አሉ ወይዘሮ አጸደ፤ "በዘር የሚሄድ ቢሆንስ? እናንተ ሰዎች፣ አጎት የአባት ወንድም ነው እኮ!"

አቶ ወንድይፍራው ተከዙ። "አይቀየሙኝ ወንድሜ። ጥሩ ሰው ይመስላሉ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር..."

አያ አንለይ እሑዱ ከእጁ ሲያመልጥ ታየው። "ጌቶቼ፣ ልጁ የወንድሜ አደራ ነው፤ ዕድሜም ባይሰጠኝ..." ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ጉልበቱም ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

"ኧረ ሊወድቁ ነው! ወንበር! ወንበር አምጡ!"

"ሳትሰጡኝ አልቀመጥም!"

"ይቀመጡ እንጂ አባቴ!"

"አልቀመጥም ብያለሁ!"

ሁለት ጎረምሶች በብብቱ ገብተው አነሡት፤ ወይዘሮ አጸደ ራሳቸው ወንበሩን ከሥሩ ገፉለት፤ ቁጭ አለ። ይህን ጊዜ መሪጌታ እንየው እጃቸውን አጨበጨቡ።

"እልልታ የታለ! አስቀመጣችሁት እኮ! ሽማግሌ የሚቀመጠው ልጅ ሲሰጠው ነው፤ በገዛ እጃችሁ ሰጣችሁን!"

"ስለታመመ ነው ያስቀመጥነው!" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

"ደንቡ የታመመ ያልታመመ አይልም!"

"እንግዲያው ይነሣ!"

"የተቀመጠ ሽማግሌ ማስነሣት ነውር ነው!"

ግማሹ ቤት ይነሣ፣ ግማሹ አይነሣ ሲል፣ አያ አንለይ በመካከል እየተነሣ እየተቀመጠ ሳለ፣ ሻምበል ዘርጋው በከዘራቸው ወለሉን ደበደቡ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

"እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ ሻምበል። "ሐኪም ቤት ደጅ እረፉ ያላችሁ ማን ነው?"

"አያ ጫኔ የሚባል ያገራችን ሰው ነው ጌታዬ" አለ አያ አንለይ። "አዲስ አበባን የሚያውቅ እሱ ነው ብዬ አማክሬው።"

"እሱ ምን ሊያደርግ ነበር የመጣ?"

"ኩላሊቱን ሊታከም።"

"ታዲያ አንተን ማን ነው ታመሃል ያለህ?"

"የአልጋ ቤቱ ሴትዮ ምንም የለብህም አለችኝ። መሪጌታም እንዲሁ። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩ።"

"ደም ሲቀዱህስ ምኔን ያመኛል አልክ?"

አያ አንለይ አንገቱን ደፋ። "ጎኔን አልኩ፤ እሱ ግን የአያ ጫኔ ሕመም ነው" አለ።

ሻምበል መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ከዘራቸው ወደቀ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከጓዳው በር ጀርባ የመቅደላዊት ሳቅም አብሮ ተሰማ። ወይዘሮ አጸደ ላለመሳቅ ብዙ ታገሉ፤ አልቻሉም።

ሻምበል ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ወንድይፍራው፣ ልጅቱን ስጣቸው። ለወንድሙ አደራ ብሎ በሰው በሽታ እስከ መታመም የደረሰ ሰው ከየት ታገኛለህ? የእነሱ ቤት ደዌ የለበትም፤ ደዌው ያለው ከመካሪው ዘንድ ነው፤ እሱም ሰውየው አይፈረድበትም፤ ያየውን ነው የመከራቸው፤ ማደሪያ ቢሉት በሽተኛ፣ ሐኪም ቤት ደጅ አስተኛ!"