ለዘር ያልተመረጠው ቁልል

አንድ ነጋዴ ነበረ፤ ስንዴ በበቅሎ እየጫነ ወንዝ ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። አምና ያሻገረው ስንዴ ግማሹ እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። ደንበኞቹም፣ «ዳግመኛ እንዲህ ያለውን ካመጣህ ከሌላ እንገዛለን፤ ደጃችን እንዳትደርስ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ዓይኑ ያየውን እንኳ ማመን ተወ።

በመከር ወራት ስሙ ወደ ገነነ ገበሬ ሄደ። የአገሩ ሹም ትልቅ ቁልል ላሳየ ገበሬ ካባ ይሸልም ስለነበር፣ ይህ ገበሬ አምና የተሸለመውን ካባ ደርቦ አውድማው ላይ ቆሟል። የዘንድሮው ቁልል የአምናውን እጥፍ ያህላል።

ነጋዴው ቁልሉን ዞረው። ከላይ ያለው ፍሬ ንጹሕ ነው። ግን ይህ ሁሉ እህል ሲበራይ የወጣው እብቅ የታለ? በአውድማው ዙሪያ ጥቂት እንኳ አላየም።

«ጥሩ ነው?» አለ።

«ምን ጥያቄ አለው ጌታዬ! እንዲህ ያለ ስንዴ በዚህ አገር በቅሎ አያውቅም።»

«እንግዲያው ሁሉንም እገዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ለከርሞ ዘር ጎተራ ያስገባኸውን አውጥተህ ስጠኝና በምትኩ ከዚህ ጨምር።»

ገበሬው ሳቀ። ነጋዴው አልሳቀም። ገበሬው ካባውን ሰብሰብ አድርጎ ከቁልሉ በቁና ሰፈረና ወደ ጎተራው አመራ። ነጋዴው ከኋላው ተከተለ።

የገበሬው ሚስት ጎተራው ደጃፍ ላይ ቆማለች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ዘሩን ልለውጥ።»

«በዚህ? አብደሃል እንዴ አንተ ሰው! እንክርዳድና እብቅ ዘርቼ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ይሄማ ለሰው አገር ነው ብለኸኝ አልነበር?»

ነጋዴው በቅሎዎቹን ባዶ እየነዳ ሄደ። በማግስቱ ሹሙ መጣና ቁልሉን በዘንግ ለክቶ፣ ከአምናው በለጠ ብሎ ሁለተኛ ካባ ሸለመ።

አንተም የእርሻ ሹም ነህ፤ «ምርታችን በየዓመቱ እያደገ የውጭ ገዢ ለምን ይሸሸናል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ስለሚጠሉን ነው የሚሉህ አይጠፉም። ነጋዴው ግን ገበሬውን አልጠላውም፤ በቅሎዎቹ ባዶ ሲመለሱ እሱም ከስሯል። አንተ ቁመት ለካህ፤ ገዢ ደግሞ ቁመት አይጭንም። አሁን ሂድና ለውጭ ብለህ ያሰናዳኸውን ስንዴ ለገበሬዎችህ ዘር ይሁናችሁ ብለህ አቅርብ። ሚስቶቻቸው ደጃፍ ላይ ካልቆሙብህ፣ ያን ጊዜ ገዢውን ጥራው።