አያ ዝንጀሮ የከተማውን ጨፌ ያጠረ ጊዜ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ ደግሞ እህትህን መጎንተል ተው። ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ እንደ ሰው በሚሟገትበት ዘመን፣ ግንብ ባለው አንድ ከተማ በር ላይ ሰፊ ጨፌ ነበር። የጥንት ንጉሥ «የማንም አይሁን፣ የሁሉም ይሁን» ብለው የተዉት ነው። ጭነቱን ያራገፈ ሁሉ ይግጥበታል፤ አጣቢ ልብስ ያሰጣበታል፤ ለገና ሩር ይለጋበታል።

አንድ ማለዳ እመት አህያ እንጨቷን አራግፋ ብትመጣ፣ ጨፌው ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። ውርንጭላዋ ገና ጡት አልተወም፤ እሷ ሣር ካጣች ወተቷ ይነጥፋል። አያ ዝንጀሮ ካባውን ደርቦ በራፉ ላይ ጉብ ብሏል።

«አያ ዝንጀሮ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው?»

«የአያቴ ርስት ነዋ!»

«አያትህማ ከገደል ገደል ሲዘሉ አይደል የኖሩት? በሕግ አምላክ! ዳኛ ይፍረድ!»

ዳኛው ዝሆን ግን ቆላ ወርዶ ነበር። በአገሩ ደንብ ተሟጋቾች ዳኛ እስኪመጣ አብረው ይታሰራሉ፤ ቁራኛ ይሉታል። ሽማግሌዎች የዝንጀሮን ካባ ጫፍ ከአህያ የጭነት ገመድ ጋር ቋጠሩና «ቋጠሮውን የፈታ ተረታ!» አሉ።

ምሳ ሲደርስ ዝንጀሮ ወደ ውስጥ ሊሾልክ ቢል ገመዱ ያዘው። ያከማቸው ሥራሥር ያለው እዚያ ነው፤ በአጥሩ ላይ ለመግቢያ የተወው ቀዳዳ ደግሞ ለእሱ እንጂ ለአህያ አይበቃም።

«እመት አህያ፣ በሞቴ፣ ሆድሽን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊው!»

«ሆዴማ አንተ ካጠርክ ወዲህ ተሰብስቧል!»

«እንግዲያው ልፍታው?»

«ፍታዋ! ቋጠሮውን የፈታ ተረታ።»

ለእሷ ፍየልና በቅሎ ገለባ ያቀብሏታል፤ ጨፌውን አብረው የጋጡ ናቸዋ። ለእሱ ማን ያምጣለት? አሳዘናትና ገለባዋን ብታካፍለው እንትፍ አለው።

በማግስቱ ረሃቡ ጠናበት። እያለቃቀሰ እሾሁን በገዛ እጁ ይነቅል ጀመር። ለአህያ የሚበቃ በር ሲከፈት ፍየሉም በቅሎውም ውርንጭላውም ግር ብለው ተከተሉ። እመት አህያ ከደስታዋ ብዛት አናፋች፤ ዝንጀሮም ጉንጩን ወጥሮ ሲያላምጥ ዳኛው ዝሆን ከች አለ።

«ይሄን አጥር ማን አፈረሰው?»

«እኔው ነኝ፣ ጌታዬ፤ እርቦኝ።»

«ርስቴ ያልከውን በእጅህ ከፍተህ አስገብተሃል፤ ከእንግዲህ ድንበር የለህም። በል የቀረውንም ንቀል። ስትጨርስ አንተም እንደ ጎረቤቶችህ ብላ፤ ማን ከለከለህ?»

ይኸውና ልጆቼ፣ እኔ ነግሬ ጨረስኩ፣ እናንተ ያዙት፦

የጋራን ለብቻው ያጠረ፣ ራሱን በደጅ አስቀረ።